በዚነት ክንድ

ዚነት አሮጌ የብረት አልጋዎች በሁለት አህያ አስጭና የሞልቱ ደጅ ስትደርስ፣ ሞልቱ እንጨት ትፈልጥ ነበር። ነሐሴ ነው። ከወንዙ እስከ ለቡ ያለው መንገድ ሁሉ ጨቅይቶ አህዮቹ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ለብሰዋል። ሴትየዋ ግን ቦት ጫማዋን ተጫምታ፣ ሻሿን አሳምራ አስራ፣ ሠርግ እንደተጠራ ሰው ፊቷ ፈክቷል።

«እንደምን ዋልሽ እህቴ። የሮበሌ ቤት ይሄ ነው?»

«ነው።»

«አልጋ አምጥቼለት ነበር።»

ሞልቱ መጥረቢያውን እንደያዘች ቀረች። ከአጥሩ ወዲያ ጎረቤቷ ማሚቴ አንገቷን አሰገገች።

«ምነው ሞልቱ፣ አልጋዋን ይዛ መጣች እንዴ?» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ ያደረገች መስሏት። «ትራሱንስ ነገ ነው የምታመጣው?»

ሮበሌ ከጓሮ እየሮጠ መጣ። ከአህያው ላይ አንዱን አልጋ አውርዶ ብረቱን በጣቱ አንኳኳ፣ አሸተተ፣ በምላሱ ሊቀምሰው ምንም አልቀረው። «ይሄማ የጣሊያን ብረት ነው!» አለ። ሞልቱ ባሏ እንዲህ ደስ ሲለው ያየችው ልጃቸው ለሜሳ የተወለደ ዕለት ነው። ያን ዕለትም ቢሆን ይህን ያህል አላንኳኳም።

ነገሩ ወዲህ ነው። ሮበሌ ጋሪ ሠሪ ነው። ከፉሪ እስከ ሀና ማርያም በፈረስ የሚጎተት ጋሪ ካለ ከእሱ እጅ የወጣ ነው። ብየዳ አያውቅም፤ ቀዳዳ በስቶ በብሎን ነው የሚያስረው። ሜትርም የለውም፤ ክንዱን ብረቱ ላይ ያስተኛና «አንድ፣ ሁለት» ይላል፤ በዚያው ይቆርጣል። ዚነት ደግሞ ላፍቶ አስፋልቱ ዳር የምትኖር የስልጤ ሴት ናት፤ በርበሬ ነጋዴ። ባሏ ሳይሞት በፊት በመንግሥት መሥሪያ ቤት አርጅቶ በጨረታ የወጣ ላንድሮቨር ገዝቶ ነበርና እሱን ትቶላት ሄደ። መኪናው በሩ የተሰረጎደ፣ ቀለሙ የተላጠ ቢሆንም ሞተሩ ጤነኛ ነው። ችግሩ ሆዱ ጠባብ ነው። የደረቀ በርበሬ ደግሞ ክብደት የለውም እንጂ ቦታ ይፈልጋል፤ ጥቂት ጆንያ ሲገባ መኪናው ይሞላል። ስለዚህ ጣራው ላይ ፖርቶመጋላ፣ ዕቃ የሚጫንበት የብረት ፍርግርግ፣ ያስፈልጋል። ጋራዥ ሁሉ ዞራ «ብረት የለም» አሏት፤ በዚያ ዘመን ለሁሉ ነገር መልሱ «የለም» ነበር። እሷም ምናለሽ ተራ ሄዳ አልጋ ገዛችና ወደ ጋሪ ሠሪው መጣች።

ይህን ሁሉ ሮበሌ ለሞልቱ ነገራት። ሞልቱም ሰማች። ሰምታ ስታበቃ ግን ልቧ ላይ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው።

ሮበሌ ልማድ አለው። አዲስ ጋሪ ሠርቶ ሲያስረክብ፣ በመጀመሪያው ጭነት ላይ ራሱ ተቀምጦ ይሄዳል። «የሚሰበር ከሆነ እኔ ላይ ይሰበር» ይላል። የአካባቢው ገበሬም ሮበሌ ያልተቀመጠበትን ጋሪ አይረከብም። እስከ ዛሬ ጭነቱ ሳሪስ ገበያ ደርሶ ስለሚመለስ ሮበሌም ለራት ይደርስ ነበር። የዚነት ጭነት ግን የሚመጣው ከቡታጅራ ማዶ ነው። ሄዶ አዳር ነው። ያውም ከመበለት ጋር። ያውም ሻሿን እንዲያ ከምታስር መበለት ጋር!

«ፖርቶመጋላው ሲያልቅ አብረሃት ልትሄድ ነው?» አለችው።

«ልማዱ ነዋ።»

«እሱ የጋሪ ልማድ ነው።»

«መኪናስ ፈረሱ ሆዱ ውስጥ የገባ ጋሪ አይደል?» አለና ሳቀ። ለሞልቱ ግን ሳቁ ውስጥ ዚነት ተቀምጣለች።

መኪናው ክረምቱ እስኪወጣ ወንዙን ማቋረጥ አይችልም። ሰውና አህያ በግንዱ ድልድይ ያልፋሉ፤ መኪና ግን የት ይሂድ? እና ሮበሌ «ነገ ላፍቶ ወርጄ ጣራዋን ለክቼ ልምጣ» አለ።

«የማንን ጣራ?»

«የመኪናዋን ነዋ! የማን መሰለሽ?»

በማግስቱ ጠዋት ሞልቱ ለሜሳን ግንባሩን ዳሰሰችው። ልጁ ደህና ነው። እንደገና ዳሰሰችው። እናት አጥብቃ ከፈለገች ልጅ ትኩሳት አያጣም። «ልጁ አተኩሶታል» አለች፤ «አንተ ከሄድክ እኔ ብቻዬን ምን እሆናለሁ?» ሮበሌ ኮቱን መልሶ ሰቀለ። ዚነት ከሰዓት ስትመጣ፣ «እስቲ አንቺው ራስሽ ለክተሽ ነይ። ከጣራው ከንፈር እስከ ከንፈር፣ ከፊት እስከ ኋላ፣ ስንት ክንድ እንደሆነ ንገሪኝ» አላት። ዚነትም ለክታ መጣችና ነገረችው፤ ወርዱ ሦስት ክንድ ከስንዝር። ሮበሌ አልጋዎቹን አፈራርሶ መቁረጥ ጀመረ።

ሞልቱ ከሰዓት ከሰዓት መሠረተ ትምህርት ነበረባት። የገበሬ ማኅበሩ አዳራሽ ግንድ ላይ ተቀምጣ ፊደሉን ትቆጥራለች፤ ጆሮዋ ግን ወንዙን ተሻግሮ የእሷ ግቢ ገብቷል። ዚነት የምትመጣው ልክ በዚያ ሰዓት ነው። ሞልቱ ስትመለስ ሁለቱን የቤቱ በር ፊት ታገኛቸዋለች። ሮበሌ በሩ ላይ በከሰል ፖርቶመጋላውን ሥሎታል፤ ዚነት ትሰርዛለች፤ እሱ ይሥላል።

«ጎኑን እንደ ጋሪ ከፍ ላድርገው፤ ጆንያው እንዳይወድቅ።»

«ከፍ ካደረግኸው ንፋስ ይይዘዋል። መኪና እኮ ነው ሮበሌ፣ ፈረስህ አይደለም። ዝቅ አድርገህ ገመድ ማሰሪያ ቀለበት አብጅልኝ።»

«እግሩስ? መሐል ጣራው ላይ ቢያርፍ…»

«ጣራው እንደ ጣሳ ነው፤ ይሰረጎድብኛል! ከንፈሩ ላይ ነው እንጂ፣ ዝናብ የሚወርድበት ጠርዝ ላይ።»

«ታዲያ እግሩን ላብዛዋ። ሦስት በዚህ፣ ሦስት በዚያ። ክብደቱን ይካፈሉታል።»

«አሁን ገባህ!»

ሮበሌ ይስቃል። ከሰሉን ከጆሮው ላይ ያወርዳል፣ ይመልሳል። ጺሙ ሁሉ ጠቁሯል። ሞልቱ በአጠገባቸው አልፋ ስትገባ ቀና ሳይል «ሞልቱ፣ እስቲ ውኃ» ይላል።

ውኃ! ከእሱ ጋር ስትኖር ስንት ጋሪ ከዚህ ግቢ ወጥቷል፤ አንድ ቀን «ሞልቱ፣ ይሄን ከፍ ላድርገው ወይስ ዝቅ?» ብሏት ያውቃል? ብሎን ያስያዛት ጊዜ እንኳ የለም። እሷ ውኃ ናት። ያቺ ግን ሐሳብ ናት። ሞልቱ ጣሳውን ሞልታ ሰጠችው፤ ግማሹ እጁ ላይ ፈሰሰ።

«ሳላስበው ነው» አለች።

አንድ ቀን ታዲያ ከትምህርት ስትመለስ አጥሩ ጋ ስትደርስ ቆመች። ቆማ ያየችውን ዓይኗ ሊያምን አልቻለም። ሮበሌና ዚነት መሥሪያው ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ተጎንብሰዋል። የሁለቱም እጅጌ ተሰብስቧል። ሁለት ክንድ፣ ክርን ከክርን ገጥሞ፣ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል። የእሱ ጥቁርና ረጅም፣ የእሷ ቀይና አጭር። ቀጥሎም ሮበሌ ግራ እጁን አንሥቶ የሴትየዋን የመሐል ጣት ጫፍ ያዘ።

ማሚቴ በአጥሩ ቀዳዳ ውስጥ ነበረች። «ከቅድም ጀምሮ እንዲያ ናቸው» አለች በሹክሹክታ። «እኔ ለአንቺ ነው የቆምኩት እንጂ እግሬስ አልቋል።»

ሞልቱ አልጮኸችም። እሷ ብትጮኽ ኖሮ ይቀላት ነበር። ገብታ ልጆቿን ቡዜንና ለሜሳን ሰብስባ ምድጃው ጥግ ተቀመጠች፤ ሁለቱንም እቅፏ ውስጥ አጥብቃ ያዘቻቸው። አሁኑኑ የሚወስድባት ሰው የመጣ ይመስል። «እማዬ አነቅሽኝ» አለች ቡዜ። ሞልቱ ግን ላፍቶ አስፋልት ዳር ያለ ቤት ይታያታል፤ ሮበሌ እዚያ በር ላይ በከሰል ሲሥል፣ ልጆቿም እዚያው ቆመው ሲያዩት።

ማታ ሮበሌ አንድ የባሕር ዛፍ በትር ይዞ ገባ። ተልጦ፣ ሁለት ጫፉ እኩል ተቆርጧል። በጥንቃቄ ከራስጌ በኩል ግድግዳው ላይ ሻጠው።

«ምንድን ነው እሱ?»

«እሱማ ዚነት ናት» አለና ሳቀ። ከዚያ እንጀራውን እየጎረሰ ነገሩን ዘረገፈው፤ እሷ የለካችው በራሷ ክንድ፣ እሱ የቆረጠው በራሱ ክንድ። ብረቱ ሁሉ ረዝሟል። በዚያው ቢታሰር ኖሮ ፖርቶመጋላው ከመኪናው ግራና ቀኝ እንደ ጥንብ አንሣ ክንፍ ይዘረጋ ነበር። «ደግነቱ ረዘመ እንጂ አላጠረም፤ የረዘመ ይቆረጣል። አሁን በዚህች በትር እንደገና እለካዋለሁ።»

ሞልቱ ሰማች። ሁሉም ነገር ቀጥ ብሎ ገባት። ባሏ መጀመሪያውኑ ወርዶ ቢለካ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነ፤ ያስቀረችው ደግሞ ማን እንደሆነች ታውቃለች። ቅናት ግን ምክንያት ሲሰጡት የሚጠግብ ከብት አይደለም። ጋደም ስትል በትሩ ከራስጌዋ ነው። ዚነት ተልጣ፣ ተስተካክላ፣ በባልና ሚስት መካከል ቆማለች።

ጠዋት ሽሮው ሲንተከተክ እሳቱ ደከመ። ሞልቱ ግራ ቀኝ አየች። እንጨቱ እርጥብ ነው። ግድግዳው ላይ ያለው ግን ደረቅ ብሏል።

ሮበሌ ሥራ ሊጀምር ሲል ይፈልግ ጀመር። አልጋው ሥር ጎነበሰ፣ ቆጡ ላይ ዳበሰ። «ዚነትን ያያት አለ? ኧረ ዚነት ወዴት ገባች?» እያለ ቤቱን ዞረው። ማሚቴ ከወዲያ ማዶ የዚነትን ስም ሰምታ ማሰሮዋን ልትጥል ደረሰች።

«ሽሮ አበሰልኩባት» አለች ሞልቱ።

ሮበሌ ምድጃውን አየ፣ ሚስቱን አየ። ይቆጣል ብላ ጠበቀች፤ ትፈልገውም ነበር። እሱ ግን ተነፈሰና ኮቱን ከግድግዳው አወረደ። «እንግዲህ ምን ይደረጋል። ሄጄ እንደገና ክንዷን መለካት ነው» አለ።

ሞልቱ ከተቀመጠችበት እንዴት እንደተነሣች አታውቀውም። «ቁጭ በል! በሀና ማርያም፣ አንተ አትሄድም። እኔ ነኝ የምሄደው!»

«አንቺ? ምን ታውቂና?»

«ክንድ ክንድ ነው። ሽሮውን እንዳያርር እየው፤ የለሜሳን አፍንጫ ጥረግ። ቡዜ ጉድጓዱ ዳር እንዳትሄድ።»

እንጨት ተሸክማ ከፉሪ የምትመጣበትን መጫኛ ገመድ አንሥታ፣ የበዓል ነጠላዋን ለብሳ ወጣች። ገመዱን ለምን እንደያዘች እንኳ በደንብ አላሰበችበትም፤ ባዶ እጇን ላለመሄድ ነው።

ዚነት ግቢዋ ውስጥ በርበሬ እየለቀመች ታነጥስ ነበር። ሞልቱን ስታይ ተነሥታ ወንበር አቀረበች። ጓሮው ላይ የእህቷ ልጅ ሙሄ፣ ሹፌሩ፣ መኪናውን ያጥባል፤ ጎፈሬው የጎበዝ፣ ቁመቱ የዋርካ የሆነ ወጣት ነው።

«ደህና ነው? ሮበሌ ታመመ እንዴ?»

«ደህና ነው። በትሩ ጠፍቶ ነው የመጣሁት።»

«በትሩ? ትናንት ያን ያህል የተጠነቀቀለት? የት ጠፋ?»

ሞልቱ ልትዋሽ አፏን ከፈተች። ዚነት ዓይኗን ከእሷ ላይ አላነሣችም። «አነደድኩት» አለች ሞልቱ።

«ምን በደለሽ?»

«ዚነት ናት አለኝ።»

ዚነት ነገሩ ቀስ ብሎ ገባት። ሲገባት ሳቀች፤ በርበሬው ገባባትና ሳቁ ወደ ማነጠስ ዞረ፤ ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። ከዚያ ግን ፊቷ ኮስተር አለ።

«ስሚኝ ሞልቱ። ባልሽ ሲያወራ የሚያወራው ስለ ጋሪ ነው። ስለ ጋሪ ብቻ። የሂርጳ ጋሪ እንዴት እንደተገለበጠ፣ የበንቲ ጋሪ ጎማው እንዴት እንደወለቀ። ሳልጠይቀው! ፖርቶመጋላዬ አልቆ እስክገላገል ነው የምሰማው። ቤት ውስጥ አንቺ እንዴት ቻልሽው?»

ይህ ሞልቱን ሊያጽናናት ይገባ ነበር፤ ይልቁንም የበለጠ ወጋት። የሂርጳ ጋሪ ተገልብጦ ነበር? እሷ አልሰማችም። «ለእኔ አያወራልኝም» አለች በመጨረሻ።

ዚነት አየቻት። ተነሥታ እጅጌዋን ሰበሰበችና ክንዷን ዘረጋች። «በይ ለኪው።»

ሞልቱ ክንዱን አየችው። ያ የረገመችው ክንድ ነው፤ በርበሬ ያቃጠለው፣ ጠባሳ ያለበት፣ የለፋ ሰው ክንድ። አልነካችውም። ቀና ብላ መኪናውን አየች።

«ክንድሽን ምን አደርገዋለሁ?» አለች። «መኪናው እዚህ ቆሞ!»

ነጠላዋን አደግድጋ መኪናው ላይ ወጣች። «አንተ ሙሄ፣ ያን ጫፍ ያዝ። ከንፈሩ ላይ! አታላላው።» ገመዱን ከከንፈር እስከ ከንፈር ወጠረችና ቋጠረች። በርዝመቱም እንዲሁ፤ እግሮቹ የሚያርፉበት ቦታ ሁሉ ላይ ቋጠሮ አደረገች። ከፊት በኩል ጣራው ትንሽ ጠበብ ይላል፤ ለእሱም ለብቻው ቋጠሮ አበጀችለት። ሙሄ «እማማ ሞልቱ፣ እርስዎ ነበሩ እኮ ጋሪ ሠሪው!» አላት። «እማማ የምትላትን ፈልግ» አለችው፤ ሆዷ ውስጥ ግን ደስ አላት።

«ለምን መጀመሪያውኑ እንዲህ አላደረግንም?» አለች ዚነት ከታች።

ለምን እንደሆነ ሞልቱ ታውቃለች። ገመዱን ጠቅልላ ከጣራው ላይ ወረደች።

ሮበሌ ገመዱን ሲቀበል አገላብጦ አየው። «ፊት በኩል ይጠባል እንዴ?» አላት። እሷን ነው የጠየቃት። «ይጠባል» አለች፤ «በዓይኔ አይቼዋለሁ። ሁለት ጣት ያህል።» ያን ዕለት ውኃ አልጠየቃትም። «ሞልቱ፣ ይሄ ቋጠሮ የመሐሉ እግር ነው የኋላው?» ይላል፤ እሷም ሊጡን ትታ ትሄዳለች።

ክረምቱ ወጣ፣ መንገዱ ደረቀ። በርበሬው ሲደርስ ላንድሮቨሩ እያጓራ ወንዙን ተሻግሮ መጣ። ጎረቤት ሁሉ ወጣ። አራት ሰው ፖርቶመጋላውን አንሥቶ ጣራው ላይ ሲያወርደው ሞልቱ ዓይኗን ጨፈነች። ድምፅ ሰማች፤ ቀጭን የብረት ድምፅ፣ ስድስቱም እግር በአንድ ጊዜ ከንፈሩን ሲይዝ። ሮበሌ ብሎኖቹን አጥብቆ ሁለት እጁን ዘርግቶ ተንጠለጠለበት። ንቅንቅ አላለም።

«ይዟል!» አለ ሰዉ።

ሮበሌ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ስንቁን ይዞ ወደ መኪናው ተራመደ። ያን ጊዜ ሞልቱ ከቤት ወጣች። ነጠላዋን ለብሳለች፤ ገመዱን በትከሻዋ ላይ ጠቅልላለች፤ እጇ ላይ ማኅተም ያለበት የይለፍ ወረቀት አለ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር፣ ሞልቱ ከመሠረተ ትምህርት ቀርታ ስለማታውቅ፣ ሳያንገራግር ነበር የጻፈላት።

«የት ነው?» አላት ሮበሌ።

«የመጀመሪያው ጭነት ላይ ልቀመጥ ነዋ።»

«የሚቀመጥ የሠራው ነው!»

«የለካውስ? ያለ እኔ ልክ በሰው ክንድ ሠርተህ እንደ ጥንብ አንሣ ልታበርረው አልነበር? የሚሰበር ከሆነ እኔ ላይ ይሰበር።»

ሰዉ ሳቀ። ሮበሌ ወደ ዚነት ዞረ። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«እኔ ጭነት የሚያስር ሰው ነው የምፈልገው» አለች ዚነት። «ያሰረችው ሲፈታ አላየሁም። ደግሞ እሷ ስለ ጋሪ አታወራም።»

ሞልቱ ጋቢውን ከሮበሌ ትከሻ ላይ ወሰደች፤ ሌሊቱ ይበርዳል። ስንቁንም ወሰደች። «ለሜሳ ወተቱን ካልሞቀ አይጠጣም። ቡዜ ጉድጓዱ ዳር አትሂድ። በሩን በውስጥ ቀርቅሩ። ሳል ከሰማህ ማር ስጠው፤ ብዙ አይደለም። ማሚቴ ልርዳህ ብላ ብትመጣ፣ ከአጥሩ ወዲያ ሆና ትርዳህ።» ልጆቿን አንድ በአንድ ሳመች፤ መኪናው ውስጥ ከገባች በኋላ እንደገና ወርዳ ሳመች። አንድ ሌሊት ከልጆቿ ተለይታ አታውቅም።

በመጨረሻ ከፊት ወንበር ላይ፣ ከዚነትና ከሙሄ መሐል ተቀመጠች። ሮበሌ መኪናውን ዞረ። ብሎን ነካ፣ ጎማ በእግሩ መታ፣ እንደገና ዞረ። ከዚያ በሹፌሩ መስኮት በኩል ቆመና ሙሄን፣ ጎፈሬውን፣ መሪውን የያዘውን ረጅም ክንዱን፣ ክንዱ ከሞልቱ ትከሻ ጋር ምን ያህል እንደሚቀራረብ ልብ ብሎ አየ። እስከ ዛሬ ይህን ልጅ ልብ ብሎ አይቶት አያውቅም።

«አንተ ልጅ፣» አለው ድምፁን ጠረግ አድርጎ፣ «ሚስት አለህ?»

«የለኝም ጋሼ። ምነው፣ ሊድሩኝ ነው?»

ሮበሌ አልሳቀም። «ሞልቱ፣ እስቲ አንዴ ውረጂ። አንድ ነገር ልንገርሽ።»

ዚነት ሳቋን በሻሿ አፈነች። «ልጠብቅ እትዬ?» አለ ሙሄ ወደ ሞልቱ ዞሮ፣ እግሩን ፍሬኑ ላይ አድርጎ።

ሞልቱ ባሏን አየችው። እጁ መስኮቱ ላይ ነው፤ ፊቱ ላይ ያለውን ነገር እሷ ክረምቱን ሙሉ ተሸክማው ስለከረመች ከሩቅ ታውቀዋለች። ልትወርድለት አሰበች። ደግሞም ተወችው።

«ንዳው» አለች። «ትንሽ ይረር።»